መስመር የሌለበት አንገት

ጭሮ ላይ ሥዕል አስተምራለሁ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እሱ ደግሞ ትምህርት ነው እንዴ?» ብሎ ነው። ድሮ እበሳጭ ነበር። አሁን «የለም፣ ልጆቹ እንዳይረብሹ ነው የምጠብቃቸው» እላለሁ፤ አብዛኛው ሰው የምሬን መስሎት ራሱን ይነቀንቃል። ስብሰባ ሲኖር፣ ክትባት ሲመጣ፣ ችግኝ ሲተከል መጀመሪያ የሚሰረዘው የእኔ ክፍለ ጊዜ ነው። ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ሒሳብ ከሚሰረዝ ሥዕል ቢሰረዝ ይሻላል ብሎ ያምናል፤ የልጆቹ ወላጆችም ከእሱ ጋር ናቸው።

የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው። ስመደብ፣ እንደ ማንኛውም መምህር፣ ትንሽ ሠርቼ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነበር። ጠየቅሁ፣ አልተሳካም፤ ኋላም መጠየቁ ሰለቸኝ። መጀመሪያ አካባቢ የሚያናድደኝ የአንቱታ ነገር ነበር። አፉን በኦሮምኛ የፈታ ልጅ ተነስቶ «ቲቸር፣ አንቺ ትናንት የት ነበርሽ?» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ንቀት እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ናፍቆት እንደሆነ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ። አሁን እርስዎ የሚለኝ ልጅ ሲገጥመኝ ምን አጥፍቶ ይሆን እላለሁ።

የማስተምረው ስለ ሥዕል መሣሪያዎችና ስለ ንድፍ መርሆዎች ነው። መጽሐፉ የዘይት ቀለም፣ አክሪሊክ፣ ፓስቴል እያለ ልጆቹ በዓይናቸው አይተውት የማያውቁትን ሁሉ ይደረድራል። ለእኛ የደረሰን ፎቶ ኮፒው ስለሆነ ስለ ቀለም ንፅፅር የሚያስረዳው ገጽ ጥቁርና ነጭ ነው። ሁለት ግራጫ ክቦች ላይ ጣቴን እያስቀመጥኩ «ይሄ ቀይ ነው፣ ይሄ ደግሞ አረንጓዴ» ስል ልጆቹ በትሕትና ይጽፋሉ። ስለዚህ የራሳችንን መሣሪያ እንሠራለን። ቀጫጭን እንጨት ጣሳ ውስጥ ዘግተን እናከስልና በእሱ እንሥላለን። ቀዩን አፈር መንገድ ከተቆረጠበት ገደል፣ ነጩን ከተራራው ሥር እናመጣለን። ቃሚዎች ከሚጥሉት የጫት ገረባ አረንጓዴ ቀለም ቀቅለን ለማውጣትም ሞክረን ነበር። ሰኞ የቀባነው አረንጓዴ አርብ ላይ ቡኒ ሆኖ ጠበቀን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ወደ ቤት ስሄድ ግን ከፋኝ።

የሰው ፊትና ትከሻ ሣሉ ብዬ የሰጠሁት የመጀመሪያ ሥራ ሲሰበሰብ የገጠመኝን አልረሳውም። ግማሹ ክፍል የሣለው ሰው አንገቱ ላይ በአግድም ቀጭን መስመር አለው። የወንዱም፣ የሴቷም፣ የሽማግሌውም። አንዱ ጀምሮት ሌላው የኮረጀ መሰለኝ።

«ይሄን ሁሉ ሰው ማን አረደው?» አልኩ።

ሳቁ። ከመሀል ረድፍ አንዲት ግራጫ ሻርፕ ያደረገች ልጅ ግን ሳትስቅ ተነሳች። «ቲቸር፣ መስመሩ ካለ ሥዕሉ ነፍስ የለውም ማለት ነው» አለች። «የቂያማ ቀን፣ የሣልሽውን ነፍስ ስጪው እንባላለን። መስጠት አንችልም። ስለዚህ አንገቱን እንለየዋለን።»

«ማነው እንዲህ ያላችሁ?»

«መድረሳ ነው። ልጅ ሆነን።»

እኔ ያደግሁት ዓይናቸው ከፊታቸው ከሚበልጥ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ሥር ነው። የተቆረጠ አንገት አልለመድኩም። ግን ከሰው እምነት ጋር ግብግብ መግጠም አልወድም፤ እልኸኛ ብሆንም ቦታውን አውቃለሁ። «እሺ፣ መስመር ከንድፍ አላባውያን አንዱ ነው» አልኳቸው። «ከተሰመረ አይቀር አምሮበት ይሰመር። ሥዕሉን የሚያበላሽ መስመር ካየሁ ነጥብ እቀንሳለሁ።» ከዚያ ወዲህ መስመሩን መደበቅ የክፍሉ ጨዋታ ሆነ። አንዱ የሸሚዝ ኮሌታ ያደርገዋል፣ ሌላዋ የአንገት ሐብል። እኔም ሳርም መጀመሪያ የምፈልገው ያንን መስመር ሆነ። ከሁሉ የምታስቸግረኝ ግራጫ ሻርፕ የምታደርገዋ ልጅ ነበረች። የእሷን መስመር የሻርፕ እጥፋት ውስጥ፣ የአገጭ ጥላ ጫፍ ላይ፣ አንዳንዴም የተበተነ ጸጉር ሥር ሆና ነው የማገኛት። ባገኘኋት ቁጥር ከሩቅ ታየኝና ሳቋን በሻርፕዋ ትሸፍናለች።

በዚያው ዓመት ወንበሮቼ መራቆት ጀመሩ። ታህሪብ ይሉታል። ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ የመን፣ ከየመን በእግር ሳዑዲ። እኔ ክፍል ውስጥ የሄደ ልጅ «ቦርደዴ ወረደ» ነው የሚባለው። መኪና የሚጠብቃቸው እውነት ቦርደዴ ይሁን ሌላ ቦታ አላውቅም፤ ቆላ ወርዶ ትልቁን አስፋልት መያዝ ማለታቸው ይመስለኛል። ስም ስጠራ አንዱ ዝም ይላል፣ ጎረቤቱ «ቦርደዴ» ይላል፣ እኔ እሰርዛለሁ። ስለ ሚዛን ሳስተምር በመስኮቱ በኩል ያለው ረድፍ ባዶ፣ በበሩ በኩል ያለው ሙሉ ነበር። መጽሐፉ ባዶ ቦታም የሥዕሉ አካል ነው ይላል። ያንን ገጽ ዘልዬው አለፍኩ።

አንድ ቀን አንድ ተማሪ የታላቅ ወንድሙን ፊት ሥሎ አመጣ። ጥሩ ሥራ አልነበረም፤ ጆሮዎቹ እላይ ወጥተዋል። መስመሩን ፈልጌ አጣሁት። «ረሳኸው?» አልኩት።

«ቲቸር፣ እሱ መንገድ ላይ ነው እኮ» አለኝ፣ ሞኝነቴ ገርሞት። «መንገድ ላይ ያለ ሰው አንገት ላይ መስመር ይደረጋል እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ማንም ሳያውጀው የክፍሉ ሕግ ሆነ። የሄደ ሰው ሲሣል መስመር አይሰመርበትም። ወንጀሉን፣ ኃጢአቱን ማለታቸው ነው፣ ሣዩ ይሸከማል፤ አላህ ያውቃል ይላሉ።

ግራጫ ሻርፕ ስለምታደርገዋ ልጅ ልናገር። ከሂርና ነበር የመጣችው፤ ጭሮ ላይ ከሌላ ተማሪ ጋር ትንሽ ክፍል ተከራይታ ትማራለች። አባቷ ሞቷል፣ እናቷ ጫት ለቅመው ከሚያስሩት ሴቶች አንዷ ናት። ስለ ትኩረት ያስተማርኩ ጊዜ፣ የሥዕላችሁ ተመልካች መጀመሪያ የት ጋ እንዲያይ ትፈልጋላችሁ ብዬ ጠየቅሁ። ሌሎቹ ትልልቅ ክብ፣ ትልልቅ ኮከብ ሠሩ። እሷ የእናቷን ሁለት እጆች የጫት ዙርባ ሲያስሩ ሣለች፤ ቅጠሉን እንኳ አልጨረሰችውም፣ አውራ ጣቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ግን ቆዳዬን አሳከከኝ። ብዙ ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም። አዲስ አበባ ሄዳ ሥዕል መማር አለባት አልኩ። ለእሷ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ለራሴም ነበር። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ላይ ቀይና አረንጓዴ እያልኩ ያረጀሁት ለአንድ ልጅ እንኳ ይሁንልኝ ብዬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሂርና ድረስ እናቷን ላነጋግር ሄድኩ። ከመንገዱ ዳር፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የሙዝ ቅጠል አንጥፈው ከተቀመጡት ሴቶች መሀል አገኘኋት። ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት፤ እኔ ግን አሮጊት ጠብቄ ነበር። የጫቱን ቅጠል ዓይኗ አጠገብ አስጠግታ በጣቷ እየዳሰሰች ነበር የምትለየው። ስለ ሥዕል ትምህርቱ አብራራሁላት። በኦሮምኛ ለጎረቤቶቿ ነገረቻቸው፤ ሴቶቹ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ሥዕል ተምራ ምን ትሆናለች?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ኖሮኝ አያውቅም። ስለ ጨርቅ ንድፍ፣ ስለ ማስታወቂያ፣ ስለ ቤት ውስጥ ዲዛይን ለፈለፍኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ሀዬ» አለች፣ «ትጨርስ። እኔ አልከለክልም።» ተመልሼ ስመጣ ደስ ብሎኝ ነበር። መንገዱን ሁሉ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ለአዲስ አበባ ስለምታሳያቸው ሥራዎች አስብ ነበር።

የዓመቱ የመጨረሻ ሥራ ራሳችሁን ሣሉ የሚል ነበር፤ በከሰል። ከሰልን የመረጥኩት ሌላ ስለሌለን ነው፤ ግን የከሰልን ጠባይ በደንብ አስተምሬያቸዋለሁ። ለስላሳ ጥላ ይሰጣል፣ ስህተትን ይቅር ይላል፣ ግን ወረቀቱን አይዝም። በጣት ከነካችሁት ይለቃል። የጸጉር ስፕሬይ ከሩቅ ከተረጨበት ይቆያል። ልጃገረዶቹ ስፕሬዩን ወረቀት ላይ ማባከኔን አይተው አዘኑልኝ።

ያንን ሥራ ቤቴ ሆኜ ቅዳሜ ጠዋት ሳርም የእሷ ላይ ደረስኩ። ፊት ለፊት እያየች ነበር የሣለችው። አገጯ ሹል፣ የጉንጯ አጥንት የወጣ፣ ሁለቱ ዓይኖቿ ቀጥ ብለው የሚያዩ። ሻርፕዋን አውርዳ፣ አንገቷን ሙሉ በሙሉ ገልጣ ነበር የሣለችው። እንደ ልማዴ መስመሯን መፈለግ ጀመርኩ። የአገጯ ጥላ ውስጥ የለችም። ትከሻዋ ላይ የለችም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። አንገቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ንጹሕ ነበር።

ጫማዬን እንዴት እንዳደረግሁ አላስታውስም። ባጃጅ ይዤ የተከራየችበት ግቢ ሄድኩ። አብራት የምትኖረው ልጅ በር ላይ ልብስ ታጥብ ነበር። ስታየኝ ተነሳች፤ እጇ ላይ ያለውን አረፋ አላራገፈችም። «ቤት ሄዳለች ቲቸር፣ ሐሙስ» አለችኝ። ዓይኔን አላየችም። ሌላ ምንም አልጠየቅኋትም፤ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

እስከ ሂርና ድረስ ለእናቷ የምነግራትን አዘጋጀሁ። ልጅሽ ልትጠፋ ነው፣ ቶሎ ዘመድ ላኪ፣ ቦርደዴ ድረስ ሰው ይሂድ፣ ገና አልራቀችም። ሚኒባሱ ጫት ለመጫን ሲቆም፣ ሰው ለማውረድ ሲቆም ሾፌሩ ላይ ጮህኩበት። ሾፌሩ ዞሮ አየኝና «አቦ ቲቸር፣ ምን ሆነሻል?» አለ፤ የድሮ ተማሪዬ ነበር።

እናቷን እዚያው ቆርቆሮ ሥር አገኘኋት። ሰላምታዬን መለሰች፣ እጇ ግን ሥራውን አላቆመም።

«ልጅሽ የት ናት?» አልኳት።

«ሄደች።»

«ሳትነግርሽ?»

«እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት» አለች።

ቆሜ ቀረሁ። አጠገቧ ያለችው ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ፤ ተቀመጥኩ።

«ትጨርስ ብለሽኝ ነበር እኮ» አልኳት፤ ድምፄ እንደ ልጅ ሆነ።

«ብዬሽ ነበር። የጨረሱትን ደግሞ አየሁ» አለች፣ አጠገቧ ያሉትን ሴቶች በአገጯ እያሳየች። «የዚህች ልጅ ጨርሷል፣ የዚያችም ጨርሷል። ተቀምጠዋል። የእኔ ዓይን ደግሞ እየሄደ ነው። ቅጠሉን ማየት ያቆምኩ ቀን ታናናሾቿን ማን ያበላል? አክስቷ እዚያ አለች፤ ትቀበላታለች። እናት ልጇን በደስታ የምትልክ መሰለሽ?»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። በማን እንደምቆጣ ግን ጠፋኝ። ከእኔ ክፍል ከወጡት መሀል ሥራ ያገኙትን በልቤ ልቆጥር ሞክሬ የመጣልኝ ያ የሚኒባስ ሾፌር ብቻ ነበር። አለቀስኩ። ሴቶቹ ሥራቸውን አላቆሙም፤ እሷ ግን በክንዷ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ፣ እጇ ቅጠል ስለነበረበት።

«ራሴን ሥዬልሻለሁ ብላኛለች» አለችኝ ቆይታ። «አንቺ ጋ ነው አሉ።»

ነገ አመጣልሻለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ቤቴ አላስገባውም። ሥዕል ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም። አሁን ደግሞ መላእክት ያስፈልጉኛል። አንቺ ጋ ይሁን፤ እየመጣሁ አየዋለሁ።»

እንዳለችውም መጣች። ወደ ጭሮ የሚመጣ መኪና ባገኘች ቁጥር ትምህርት ቤቱ በር ላይ ትቆማለች፤ ዘበኛው ያውቃታል፣ ሳይጠይቅ ያስገባታል። ከመምህራን ማረፊያው ጀርባ ያለችው የእኔ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ወንበር እሰጣታለሁ። ሥዕሉን ጭኗ ላይ ታስቀምጥና ፊቷ ድረስ ታቀርበዋለች። መጀመሪያ በዓይኗ፣ ከዚያ ቅጠል እንደምትለይበት አድርጋ በጣቷ። ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን ትዳስሳለች። ስትነሳ ጣቷ ላይ ጥቁር ዱቄት ይቀራል። አትጠርገውም፤ በሌላው ጣቷ እያሸች ይዛው ትሄዳለች።

ላስቲክ አለበስኩት። በሚቀጥለው ስትመጣ ገፈፈችው። «ያፍናታል» አለችኝ። በሌለችበት ስፕሬይ ልረጭበት ቆርቆሮውን አንስቼ አንድ ሁለቴ ነቅንቄዋለሁ። ከረጨሁበት ሥዕሉ ይቆያል፣ ጣቷ ላይ ግን ምንም አይቀርላትም። ስለ ከሰል ጠባይ ስንት ዓመት ያስተማርኩት እኔ፣ የትኛውን እንደማድንላት አላውቅም ነበር። ቆርቆሮውን መልሼ አስቀመጥኩት።

ወሬው ከአንድ ጊዜ በላይ አልመጣም። ባሕሩ ጋ ደርሰዋል የሚል ነበር፤ ያንንም የነገራት የሌላ ሰው ልጅ ነው። አክስቷ አልመጣችም አለች። ከዚያ በኋላ አክስትየውም ስልክ ማንሳት ቀነሰች። እናትየው ይሄን የምትነግረኝ ሥዕሉን እየዳሰሰች ነበር፤ እኔም የማልጽፍበትን ጠመኔ ይዤ እሰማታለሁ። አንድም ቀን ትመጣለች ብዬ አላጽናናኋትም። እሷም እንድዋሽላት አልጠየቀችኝም።

በመጨረሻ የመጣችው በሚቀጥለው ዓመት፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ዝናቡ ስለከበዳት ልብሷ ርሶ፣ እጇን በውስጥ ቀሚሷ አድርቃ ነበር የተቀመጠችው። ሥዕሉን ሰጠኋት። ከመዳሰስ ብዛት የልጅቷ አገጭ ሹልነት ጠፍቷል፤ የጉንጯ አጥንት ከጥላው ጋር ተደባልቆ ክብ ሆኗል። የግንባሯ መስመሮች የሉም። ያቺ ፊት ለፊት የምታየኝ እልኸኛ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የለችም፤ ቦታዋ ላይ ጉንጨ ሙሉ፣ ገና አፏን ያልፈታች የምትመስል ሕፃን ተቀምጣለች። ዓይኖቿ ብቻ አልጠፉም፤ እናቷ ዓይኖቿን ነክታ አታውቅም።

ወደ መስኮቱ ወስዳ ብርሃኑ ላይ ያዘችው። ጣቷን አነሳች፣ ግን ወረቀቱ ላይ ሳታሳርፈው መለሰችው።

«ቲቸር» አለችኝ። «ይቺ ልጅ ናት እኮ።»

«አዎ» አልኳት።

«ገና ልጅ ናት። ይቺን ማን ነው ሂጂ ያላት?»

ዞራ አየችኝ። መልስ እየጠበቀች ነበር።